ከቃጫው እስከ ክኒኑ፦ ሴሉሎስ መድኃኒትን እንዴት ያደርሳል?

(ለፋርማሲ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ለመጡ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲመጣ መጠነኛ እርማት ብቻ ተደርጎበታል።)

ክቡራን መምህራን፣ ከፋብሪካ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ! ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ንግግሬ ረዘም ይላል።

በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ አሁን በቦርሳው ወይም በኪሱ ክኒን የያዘ አለ? እስቲ እጃችሁን አንሡ። ጥቂት አይደላችሁም። ማሸጊያው ውስጥ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አውጡና ታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡልኝ። «ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ» የሚል አገኛችሁ? «ሃይፕሮሜሎስ» የሚልስ? «ክሮስካርሜሎስ ሶዲየም»? ሦስቱም ሴሉሎስ ናቸው፤ ወይም ከሴሉሎስ የተሠሩ ናቸው። 5 ሚሊግራም አምሎዲፒን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት የያዘ ክኒን ብትመዝኑ ከ100 ሚሊግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ታዲያ ቀሪው ምንድን ነው? ሐኪሙ የሚያዘው፣ በሽተኛው የሚጠይቀው፣ እኛም ለፈተና የምናጠናው ያንን 5 ሚሊግራም ነው። መድኃኒቱ የት እንደሚሟሟ፣ መቼ እንደሚለቀቅ፣ በምን ፍጥነት ወደ ደም እንደሚገባ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቀሪው ነው። እኔ ዛሬ ስለ ቀሪው ልናገር ነው የመጣሁት።

ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛው፣ ሴሉሎስ ዛሬ በክኒኖቻችን ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ናኖ ፋይበር ነው፤ ውፍረቱ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ እጅግ ቀጭን ክር ማለት ነው። ሦስተኛው የእኛ ነገር ነው፤ ምን አለን፣ ከየት እንጀምር? እዚያ ላይ ቆየት እላለሁ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1838 አንሰልም ፓየን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከተለያዩ ዕፅዋት አንድ ዓይነት ጠንካራ ንጥረ ነገር ለየ። ቆይቶም ሴሉሎስ ተባለ። ሴሉሎስ በሰንሰለት የተያያዘ ግሉኮስ ነው። ስታርችስ? እሱም በሰንሰለት የተያያዘ ግሉኮስ ነው። እንግዲህ ጤፉም ግሉኮስ፣ ገለባውም ግሉኮስ ከሆነ፣ እኛ እንጀራውን በልተን ገለባውን ለከብት የምንሰጠው ለምንድን ነው? ልዩነቱ በማያያዣው አቅጣጫ ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ማያያዣው አልፋ ነው፤ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፣ የእኛም ኤንዛይም ይቆርጠዋል። በሴሉሎስ ውስጥ ቤታ ነው፤ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ከጎኑ ካሉት ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ተቆላልፎ ጥቅጥቅ ያለ ክር ይሆናል። ይህንን የሚቆርጥ ኤንዛይም የሰው ልጅ የለውም። ላሟም ራሷ የላትም፤ በሆዷ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚሠሩላት።

ለመድኃኒት ሠሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሆዳችን የማይፈጨው፣ ከአንጀት ወደ ደም የማይገባ፣ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ ተሸካሚ ማለት ነው። ችግሩ ሴሉሎስ በውሃ አለመሟሟቱ ነው። ኬሚስቶቹ ምን አደረጉ? በእያንዳንዱ የግሉኮስ ቀለበት ላይ ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉ፤ እነሱን በሌላ መተካት ጀመሩ። የሚተካው ነገር ሲለያይ ጠባዩም ይለያያል። በአንዱ መንገድ ስትሄዱ በውሃ የማይሟሟ ሽፋን የሚሆነውን ኢታይል ሴሉሎስ ታገኛላችሁ። በሌላው፣ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ምንም ሳይሆን አልፎ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 6 አካባቢ ሲደርስ አንጀት ውስጥ የሚሟሟውን ሴሉሎስ አሲቴት ፋታሌት ታገኛላችሁ። ሦስተኛው እኛ ኤችፒኤምሲ እያልን የምንጠራው ሃይፕሮሜሎስ ነው።

ኤችፒኤምሲ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲነከር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ በፍሬው ዙሪያ የሚያሟልጭ ነገር ያብጣል። ኤችፒኤምሲ ያለበት ክኒንም ሆድ ውስጥ ሲገባ ላዩ እንደዚያ ነው የሚሆነው። መድኃኒቱ ለመውጣት ያንን ዝልግልግ ንብርብር አቋርጦ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ በአንዴ አይወጣም፣ በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ዝልግልጉ ይወፍራል። በውሃ ውስጥ 2 በመቶ ሆኖ ሲሟሟ የዝልግልግነቱ መጠን (ቪስኮሲቲው) 4,000፣ 15,000 ወይም 100,000 ሚሊፓስካል ሰከንድ የሚለካ ደረጃ እየተባለ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ፋብሪካው ከእነዚህ መርጦ መድኃኒቱ በ8 ሰዓት ወይም በ12 ሰዓት እንዲያልቅ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተመረቅኩ በኋላ በአንድ የገጠር ሆስፒታል ፋርማሲ እሠራ ነበር። የደም ግፊት ያለባቸው አንድ አዛውንት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ራሳቸውን አዙሯቸው ደጅ ላይ ወድቀዋል፤ ግንባራቸው ተጋግጧል። ግፊታቸው ሲለካ በጣም ወርዷል። የሚወስዱት ቀስ ብሎ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ የኒፌዲፒን ክኒን ነው። ልጅቷን፣ «እህቴ፣ ክኒኑን እንዴት ነው የምትሰጫቸው?» አልኳት። «አባባ መዋጥ ስለሚያስቸግራቸው ወቅጬ በማር እለውስላቸዋለሁ» አለችኝ። ይህች ልጅ አባቷን የምትወድ ልጅ ናት። ከልቧ የምትንከባከብ ልጅ ናት። ግን ያ ክኒን አይወቀጥም ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። ሲወቀጥ ቀስ እያለ መውጣት የነበረበት መድኃኒት በአንዴ ወደ ደማቸው ገባ። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ መጠኑም ያው ነው። የፈረሰው መድኃኒቱን ቀስ አድርጎ የሚያስለቅቀው ባለ ረጅም ሰንሰለት ንጥረ ነገር፣ ፖሊመሩ ነው።

ተማሪዎች፣ ይህንን እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ። ቀስ ብሎ የሚለቅ ክኒን ስትሰጡ «አይወቀጥም፣ አይታኘክም» ብላችሁ በአፋችሁ ተናገሩ። በወረቀት የተጻፈው አይበቃም። በአፋችሁ ተናገሩ!

ተቃራኒውም ገጥሞኛል። አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን መድኃኒት ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት አይሟሟልኝም፤ እንደዋጥኩት ነው የሚወጣው» አሉኝ። ያዩት ቅርፊቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አልዛ በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ፌሊክስ ቴውስ የተባለ ተመራማሪ በኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ሲገባ በሚፈጠር ግፊት፣ የሚሠራ ክኒን አስተዋወቀ። ክኒኑ በሴሉሎስ አሲቴት ስስ ሽፋን ይለበጣል፤ በሽፋኑ ላይ ደቃቅ ቀዳዳ አለ፤ በኋላ በፋብሪካ በሌዘር ይበሳ ጀመር። ሽፋኑ ውሃ ያስገባል እንጂ መድኃኒት አያስወጣም። የገባው ውሃ መድኃኒቱን በዚያች ቀዳዳ በኩል በእኩል ፍጥነት ይገፋዋል፤ ባዶው ቅርፊት እንዳለ ይወጣል። በዚህ መንገድ የተሠራ ኒፌዲፒን እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ለእኒያ እናት፣ «እማማ፣ መድኃኒቱ ውስጥዎ ቀርቷል፤ የወጣው ሽፋኑ ነው» ስላቸው ተረጋግተው ሄዱ።

ሁለተኛው ነጥብ፤ ናኖ ፋይበር።

ሴሉሎስ በዕፅዋት ውስጥ ከመጀመሪያውም ናኖ ነው። ተክሉ ሲሠራው ከ3 እስከ 4 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ክር አድርጎ ይሠራዋል፤ ከዚያ ክሮቹን በእቅፍ በእቅፍ ያስራቸዋል፣ በሊግኒንና በሄሚሴሉሎስም ያጣብቃቸዋል። የእኛ ሥራ መፍታት ነው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሊግኒኑን ማጠብ፣ ማንጣት፣ ከዚያም ክሮቹን መለያየት። እ.ኤ.አ. በ1983 አይቲቲ ሬዮኒየር በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩት ቱርባክና ባልደረቦቹ የእንጨት ሴሉሎስን በከፍተኛ ግፊት በጠባብ መተላለፊያ ደጋግመው በማሳለፍ እነዚህን ክሮች እንደለዩ አሳወቁ። ግን ኃይል የሚበላው ለጉድ ነበር፤ ነገሩም ለዓመታት ተንቀራፈፈ። መንገዱን የከፈቱት የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲዎቹ አኪራ ኢሶጋይና ፁጉዩኪ ሳይቶ፣ እንዲሁም በፈረንሳይ የሚሠራው ዮሺሃሩ ኒሺያማ ናቸው። ቴምፖ በተባለ ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) የክሮቹን ላይ ኦክሲዳይዝ ሲያደርጉት በላያቸው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የካርቦክሲል ቡድኖች ተፈጠሩ። ተመሳሳይ ሙል ይገፋፋል አይደል? ክሮቹ ራሳቸው ተገፋፍተው በጥቂት ጉልበት ተለያዩ። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማት ተሰጣቸው።

ሌላው መንገድ ጠንካራ አሲድ ነው። 64 በመቶ ገደማ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ስታበስሉት ያልተደራጀው ክፍል ይሟሟል፤ እንደ መርፌ የቀጠኑ ናኖ ክሪስታሎች ይቀራሉ። ሦስተኛው ኤሌክትሮስፒኒንግ ነው። ሴሉሎስ አሲቴትን በአሲቶን ታሟሙታላችሁ፣ መድኃኒቱን አብራችሁ ትጨምራላችሁ፣ በብዙ ሺህ ቮልት ከመርፌ ጫፍ ትስቡታላችሁ፤ አሲቶኑ በአየር ላይ ይተናል፣ መድኃኒቱን የያዘ ስስ የክር ምንጣፍ ይቀራል። በባንኮክ የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የሕመም ማስታገሻዎቹን ኢቡፕሮፌንን፣ ናፕሮክሰንንና ኢንዶሜታሲንን በዚህ ዓይነት ክር ውስጥ ጨምረው እንዴት እንደሚለቀቁ ለክተዋል። ሴሉሎስ የሚፈትል ባክቴሪያም አለ፤ ስለ እሱ ለብቻው አንድ ቀን ያስፈልገኛል።

እነዚህ ክሮች ለመድኃኒት ለምን ተፈለጉ? አንደኛ፣ ክሩ ሲቀጥን የላዩ ስፋት እጅግ ይጨምራል፤ ብዙ መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ አለው። ሁለተኛ፣ ላዩ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያለውን መድኃኒት ይይዛል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሥራ ናኖ ክሪስታሎች ፀረ ባክቴሪያውን ቴትራሳይክሊንንና የካንሰር መድኃኒት የሆነውን ዶክሶሩቢሲንን ይዘው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ለቀዋል። ሦስተኛ፣ ክሮቹ ተነጥፈው ሲደርቁ የሚፈጥሩት ስስ ገጽ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ መድኃኒቱ መውጫ ፍለጋ ብዙ ይዞራል። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ባለ ገጽ ውስጥ የተጨመረ ኢትራኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት በላብራቶሪ እስከ ሦስት ወር ድረስ ቀስ እያለ ሲለቀቅ ተመዝግቧል። ሦስት ወር!

ከላብራቶሪ ወጥቶ ወደ ሰው የደረሰው ግን የቁስል ሽፋኑ ነው። እዚያው ሄልሲንኪ፣ ቃጠሎ ለደረሰባቸው ሰዎች ቆዳ ከሌላ የሰውነት ክፍላቸው ሲነሣ፣ የተነሣበትን ቦታ ከእንጨት በወጣ ናኖ ሴሉሎስ ሸፈኑት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ሽፋኑ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ሥሩ ያለው ቆዳ ሲድን በራሱ ጊዜ ይላቀቃል። በቃጠሎ ክፍል የሠራችሁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ጨርቅ ከቁስል ላይ በተነሣ ቁጥር ሕፃናቱ እንዴት እንደሚጮኹ ሰምታችኋል። እኔም ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሽፋን የሚገዛ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ሰው ከዚህ አዳራሽ እንዲወጣ የምመኘው ለዚህ ነው።

ነገር ግን አደራ! «ከተፈጥሮ ስለመጣ ጉዳት የለውም» የምትለዋን አነጋገር ከመመረቂያ ጽሑፋችሁ አውጡልኝ። በአፍ የተወሰደ ሴሉሎስ ይወጣል ብለናል። በደም ሥር የገባውስ ወዴት ይሄዳል? የሚቆርጠው ኤንዛይም የለንምና ይከማቻል። ደረቅ ዱቄቱን ወደ ሳንባ የሳበ ሠራተኛም ለብቻው ጥናት ይፈልጋል። ስለ ታሪክም ልንገራችሁ። ሴሉሎስ ሰልፌት የተባለ ፖሊመር በላብራቶሪ ኤችአይቪን ይገታ ስለነበር ሴቶች ራሳቸውን የሚከላከሉበት ጄል ሆኖ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳ፣ በቤኒንና በህንድ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ሙከራው ተቋረጠ። ጄሉ ከኤችአይቪ አልተከላከለም፤ ጭራሽ ተጋላጭነትን ሳይጨምር አይቀርም የሚል ሥጋት ላይ ጣለ። ከአፍሪካውያን እህቶቻችን ላይ ነው ይህንን የተማርነው። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያማረ ውጤት ስታገኙ እነዚያን ሴቶች አስቡ።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ለዚህ ነው በዋናነት የመጣሁት።

እኔ ያደግኩት እንሰት ባለበት አገር ነው። እናቴና ጎረቤቶቿ የእንሰቱን ሽፋን በቆመ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ሲፍቁ እያየሁ ነው ያደግኩት። የተፋቀው ለቆጮ ይሄዳል፣ ውሃው ሲዘቅጥ ቡላ ይወጣዋል፣ እጃቸው ላይ የሚቀረው ነጭ ረጅም ክር ቃጫ ነው። ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ጆንያ ይሆናል፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ብዙ ቆይቼ ላብራቶሪ ገብቼ ስመረምረው፣ ያ ክር አብዛኛው ሴሉሎስ እንደሆነ ሳይ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። እናቶቻችን ያለ ኬሚካል፣ በክንዳቸው ጉልበት፣ ከተክሉ ውስጥ ሴሉሎስ ሲለዩ ኖረዋል።

ይህንን መንገድ የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያምና ተማሪዎቻቸው ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የእንሰት ስታርችን ለክኒን ማምረቻነት አጥንተዋል። በኋላም ከጤፍ ገለባ፣ ከእንሰት ቃጫ፣ ከሸንኮራ አገዳ ባጋስ (ተጨምቆ ከሚቀረው ቃጫ) እና ከቡና ገለፈት ሴሉሎስ አውጥተው ጠባዩን መርምረዋል። ከጫት ተረፈ ምርትም ናኖ ክሪስታል የሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ዕውቀቱ አለ። ጽሑፉ ታትሟል። ታዲያ የሀገራችን ፋብሪካዎች ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ ዛሬም በዶላር የሚገዙት ለምንድን ነው?

የእኔን አስተያየት በግልጽ ልናገር፤ የማይስማማ ካለ በኋላ ይሞግተኝ። ናኖ የሚለው ስም ስቦናል። ለማሳተም ይመቻል፣ ለድጋፍ ገንዘብ ይመቻል። ፋብሪካው ግን የሚጠይቀው ናኖ አይደለም። ፋብሪካው የሚጠይቀው፣ በመስከረም ያመጣህልኝ ዱቄትና በጥር ያመጣህልኝ ዱቄት አንድ ነው ወይ? ነው። የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፉ፣ ፋርማኮፒያው፣ ለማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ የሰንሰለቱ ርዝመት ከ350 የግሉኮስ ክፍል እንዳይበልጥ፣ ሲደርቅ የሚያጣው ክብደት ከ7 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ፒኤቹ ከ5 እስከ 7.5 እንዲሆን፣ ተሕዋስያኑ ከገደብ በታች እንዲሆኑ። ይህንን በአንድ ማንኪያ ማሟላት ቀላል ነው። በአንድ በርሜል፣ ከዚያ በሌላ በርሜል፣ ከዚያ በሌላ በርሜል ማሟላት ነው ከባዱ። እሱን ያልቻለ አገር ናኖ ፋይበር ይዞ ወደ በሽተኛ አይደርስም፤ ናኖ ፋይበሩም የሚጀምረው ከዚያው ንጹሕ ሴሉሎስ ነውና።

ጥሬ ዕቃውም ቢሆን በነጻ የተጣለ እንዳይመስላችሁ። የጤፍ ገለባ የበሬው መኖ ነው፤ የቤት ግድግዳ ጭቃም ያለ እሱ አይጸናም። ከገበሬው እጅ ገለባ ስትወስዱ በበጋ ከብቱ ምን ይበላል? ባጋሱንም ስኳር ፋብሪካዎቹ ለእንፋሎትና ለኤሌክትሪክ ያነዱታል። ለእኔ የተሻለ የሚመስለኝ የቡና ገለፈት ነው፤ ከመፈልፈያው አጠገብ ተከምሮ የሚበሰብስ፣ ባለቤቱንም የሚያስቸግር ነው። ሊግኒኑ ብዙ ስለሆነ ማጠቡ ይከብዳል፤ የሚታጠብበት አልካሊና የሚወጣው ጥቁር ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ወንዝ ውስጥ የሚለቀቅ ከሆነ ባንጀምረው እመርጣለሁ።

ናኖውን የያዛችሁ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የላብራቶሪ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ልፋት ያድንላችኋል። ክሩን አታድርቁት። አንዴ ከደረቀ ክሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ውሃ ብትጨምሩበትም ወደ ነበሩበት አይመለሱም። እርጥብ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። መድኃኒት ስትጭኑበትም የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በጥብቅ ለኩ፤ ላዩ ላይ ብቻ የተጣበቀው መድኃኒት መጀመሪያ ላይ በአንዴ ይለቀቃል፤ እንደ አዛውንቱ ክኒን ማለት ነው። ያንን የደበቀ ግራፍ አትሥሩ።

መምህራን ሆይ፣ ለእናንተም ልመና አለኝ። አንድ ተማሪ የቀድሞ ተማሪ የሠራውን ዘዴ ወስዶ፣ «ያንኑ በትልቁ ደገምኩት፤ ውጤቱ አንድ ሆነ» ብሎ ሲመጣ «አዲስ ነገር የለበትም» ብላችሁ አትመልሱት። እሱ ነው የቸገረን። ከፋብሪካ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የምለምናችሁ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ማሽኑ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት አንድ የሙከራ ምርት ፍቀዱልን፤ ከውጭ በመጣው ዱቄትና በእኛው ዱቄት ጎን ለጎን ክኒን እንምታ፤ ጥንካሬውን፣ ክብደቱን፣ የሚሟሟበትን ጊዜ አብረን እንለካ። ካነሰ ማነሱን እናያለን፤ በምን እንዳነሰም እናውቃለን።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄያችሁን ልቀበል። ከፋብሪካ የመጣችሁት ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል። በዱቄት ላይ የሚያስቸግራችሁ አፈሳሰሱ ነው ወይስ እርጥበቱ? ተማሪዎቹ ከእናንተ አፍ ይስሙት።